እበት ሁሉ ሳይመዘን ላም የበላችው ምን ያህል እንደተፈጨ ማወቅ፦ የማርከር ዘዴ በጎጃም በረት

ሞጣ አካባቢ አንድ ገበሬ ቤት ነው። የጤፍ ጭድ ከኑግ ፋጉሎ ጋር የምትበላ ላም ከበላችው ስንቱን እንደምትፈጭ ማወቅ ፈልገን፣ የአምስት ቀን እበት እንዳለ ሰብስበን ልንመዝን ኬሻና አካፋ ይዘን ገባን። በሁለተኛው ቀን ጠዋት የቤቱ እመቤት በረቱ ደጃፍ ላይ ቆመው «ልጄ፣ እበቱን እንዲህ ጠራርገህ ከወሰድከው እኔ እንጀራዬን በምን ልጋግረው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነታቸውን ነው። እበት እዚህ አገር ኩበት ነው፣ ማገዶ ነው፣ የግድግዳና የአውድማ መለቅለቂያ ነው።

ሌላም ጣጣ ነበረው። ሌሊት ከወደቀው ግማሹ ላይ ላሟ ተኝታበት አደረች። ሽንት የገባበት አለ፣ ዶሮ የጫረው አለ። በአምስተኛው ቀን በእጃችን የነበረው ቁጥር የተሰበሰበው እበት ነው እንጂ የወጣው እበት አይደለም። ወደ ማርከር የዞርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የምጽፈው ለመመረቂያ ሥራቸው መኖ ለሚሞክሩ ተማሪዎች፣ ለልማት ሠራተኞች፣ እንዲሁም ሁለት ሦስት የወተት ላም ይዞ ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ለሚወድ ሰው ነው።

ነገሩ ምንድን ነው?

ወጥ አስቡ። ስትጥዱት ጨዉ ልክ ነበር። እሳት ላይ ረስታችሁት ሲመጥ ጨዉ በረታ። ማንም ጨው አልጨመረም፤ የሄደው ውሃው ነው። ጨዉ እጥፍ ከበረታ ወጡ በግማሽ ቀንሷል ማለት ነው።

ማርከር ማለት ያ ጨው ነው። ከመኖው ጋር ይገባል፣ አይፈጭም፣ ወደ ደም አያልፍም፣ እንደገባ በእበት ይወጣል። መኖው እየተፈጨ በሄደ ቁጥር እሱ እየበረታ ይመጣል። በመኖው ውስጥ ስንት እንደነበረና በእበቱ ውስጥ ስንት እንደሆነ ካወቃችሁ፣ መካከል ላይ ስንቱ እንደጠፋ ታውቃላችሁ። እበቱን ሁሉ መመዘን ቀረ። እፍኝ እፍኝ ይበቃል፣ የቀረው ለኩበት ይሁን።

ማርከር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መኖው ራሱ ይዞት የሚመጣ ነው፦ አሲድ የማያሟሟው አመድ (አብዛኛው ሲሊካ፣ ማለትም አሸዋ የተሠራበት ነገር ነው)፣ ሊግኒን (የተክሉ እንጨታማ ክፍል)፣ ጨርሶ የማይፈጨው አሰር (ፋይበር)። ሌላው እኛ የምንሰጠው ነው፦ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ክሮሚየም ኦክሳይድ፣ እነ ይተርቢየምና ኮባልት።

የትኛውን ልያዝ ለሚል የእኔ ምርጫ ይኸው። በጋጥ ለታሰረች ላም ከአሲድ የማይሟሟ አመድ ጀምሩ፤ የሚፈልገው ማቃጠያ ምድጃ፣ አሲድና ጥሩ ሚዛን ብቻ ነው። ሊግኒንን ተዉት፣ መንገድ ላይ ከፊሉ ይጠፋና ያሳስታል። ክሮሚየም ኦክሳይድ የድሮ ሰዎች መሣሪያ ነው፣ ግን ብናኙ ለሚሠራበት ሰው ጤና አይመከርም፣ ከመኖውም ጋር እኩል አይጓዝም። የማይፈጨው አሰር በጣም ጎበዝ ማርከር ነው። ችግሩ ናሙናው በከረጢት ሆኖ ፊስቱላ (በቀዶ ሕክምና ጎኑ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ) ባለው በሬ ሩመን ውስጥ፣ ማለትም በትልቁ ጨጓራ ውስጥ፣ 240 ሰዓትና ከዚያ በላይ መቆየት አለበት። አሥር ቀን ሙሉ! ተቋም ውስጥ ካልሆናችሁ አይሞከርም።

መጀመሪያ ከአፈር ጋር ተፋረዱ

ስሌቱን በኋላ ታዩታላችሁ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ሥራውን የሚያበላሸው አፈር ነው። አሲድ የማያሟሟው አመድ ሲሊካ ነው አልን፤ አፈርም በአብዛኛው ያው ነው። ምድጃው ከጤፍ ተክል የመጣውን ሲሊካ ከአውድማ ከመጣው አይለይላችሁም።

የእኛን አገር ጭድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። አውድማው በእበት ተለቅልቆ ከብት ይሄድበታል፣ በሬው እዚያው ይሸናል፣ በመንሽ ሲነሳ ሲጣል ብናኙ ሁሉ ጭዱ ላይ ያርፋል። ከተከመረ በኋላ አቧራው እየወረደ ከክምሩ ሥር ይጠራቀማል። ስለዚህ ከክምሩ አናት የወሰዳችሁት ናሙናና ከሥሩ የወሰዳችሁት የአንድ ማሳ ጭድ ሆነው ሳለ አመዳቸው አይገናኝም። በመውቂያ ማሽን የተወቃ ጭድ ካገኛችሁ እሱን ያዙ፣ ይነጻል።

ይህ ማለት ዘዴው እዚህ አይሠራም ማለት አይደለም። ጭዱ ላይ ያለው አፈር ላሟ ከበላችው እሱም ማርከር ነው፣ ገብቶ ይወጣል። ጉዳዩ የገባውን በትክክል መቁጠር ነው። የሚጎዳችሁ ያልቆጠራችሁት አፈር ነው፦ ከበረቱ ወለል እበቱ ላይ የተለጠፈው፣ ላሟ ግድግዳ ስትልስ የዋጠችው፣ ውሃ ልትጠጣ ስትወጣ መንገድ ላይ የነጨችው።

አንደኛ፦ ላሞቹንና ጋጡን ማዘጋጀት

ለእያንዳንዱ የመኖ ዓይነት ቢያንስ አራት ከብት ያዙ። በአንድ ላም የተሠራ ሙከራ የዚያች ላም ታሪክ ነው። አራት ላም ብቻ ኖሯችሁ አራት መኖ የምታወዳድሩ ከሆነ አራቱንም መኖ በየተራ አዙሩባቸው።

አዲሱን መኖ ከጀመሩ በኋላ 14 ቀን ያህል ምንም አትውሰዱ። ሩመን ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት መኖውን እስኪለምዱ ነው። ጠዋትና ማታ በተመሳሳይ ሰዓት አብሉ። ግርግሙ የጭቃ ከሆነ ውስጡን በሸራ ወይም በወፍራም ላስቲክ ሸፍኑት፣ አለበለዚያ ላሟ ግርግሙንም ትበላዋለች። ወለሉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ቢነጠፍ ጥሩ ነው። ለዚያ አንድ ወር ግጦሽ የለም፣ ውሃም በባልዲ ይምጣላት። ባለቤቱ «ላሜን አሰራችኋት» ብሎ ቅር ሊለው ይችላልና ከመጀመሪያው ተነጋገሩ።

ሁለተኛ፦ መኖውንና ትራፊውን መመዘን

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። አትቸኩሉ።

ለሙከራው ጊዜ የሚበቃውን ጭድ አስቀድማችሁ ከክምሩ አውርዱና ሸራ ላይ በደንብ አገላብጣችሁ ቀላቅሉት። ከዚያ በኬሻ ሙሉት። በየቀኑ የምትሰጡትን መዝናችሁ ጻፉ፣ ከየቀኑም አንድ እፍኝ ለናሙና አስቀሩ። ፋጉሎውም እንደዚሁ። አተላ የምትሰጡ ከሆነ የየቀኑ ውፍረቱ ይለያያል፣ ስለዚህ የየቀኑን ደረቅ ቁስ (ውሃው ሲወጣለት የሚቀረውን) ለዩ። ብትችሉ በሙከራው ጊዜ አተላ ባይኖር ይሻላል።

በማግስቱ ጠዋት ላሟ የተወችውን ትራፊ ሰብስቡ፣ መዝኑ፣ ከእሱም ናሙና ያዙ። ላም ሞኝ አይደለችም። ለስላሳውን መርጣ በልታ አገዳውንና አቧራውን ትተውላችኋለች። የበቆሎ አገዳ ሳይከተከት የሰጣችሁ እንደሆነማ ትራፊው ሌላ መኖ ነው በሉት። ስለዚህ የገባው ማርከር ማለት በሰጣችሁት ውስጥ ያለው ሲቀነስ በትራፊው ውስጥ ያለው ነው። ይህችን መቀነስ መርሳት ምን እንደሚያመጣ በኋላ በቁጥር አሳያችኋለሁ።

ሦስተኛ፦ ቲታኒየም መስጠት (ከፈለጋችሁ)

የመፈጨት መጠኑ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ይህን ዝለሉት። ቲታኒየም የሚጠቅመው ላሟ በቀን ስንት ኪሎ እበት እንደምትጥል፣ ከዚያም ተነስቶ ስንት እንደበላች ለማወቅ ነው። በተለይ ለግጦሽ ከብት።

ለአንድ የከብት ራስ በቀን 10 ግራም የተለመደ ነው፤ 5 ግራም ጠዋት 12 ሰዓት፣ 5 ግራም ማታ 12 ሰዓት። በትንሽ የፉርሽካ ሊጥ ጠቅልላችሁ እንደ ጉርሻ አጉርሷት። እስክትውጥ ቁሙ፣ የተፋችው ካለ ጻፉ። ነጭ ዱቄት ነው፣ ለነጭ ቀለም መሥሪያም ይውላል፣ ግን ቀለም ቤት ሄዳችሁ እንዳትገዙ፤ ንጹሑን ከኬሚካል አቅራቢ ነው የሚገዛው። ቢያንስ ሰባት ቀን ስጡ፣ ከዚያ በኋላ ነው እበት የሚወሰደው፤ በናሙናው ቀናትም መስጠቱ አይቋረጥም።

አንድ ነገር ደግሞ። የጎጃም አፈር አብዛኛው ከባሳልት ድንጋይ የመጣ ነው፣ ባሳልት ደግሞ በተፈጥሮው ቲታኒየም አለው። ላሟ አፈር ከነካች፣ ምንም ሳትሰጧትም ቲታኒየም በእበቷ ይገኛል። ስለዚህ መስጠት ከመጀመራችሁ በፊት የእበት ናሙና ወስዳችሁ መነሻውን አስለኩና በመጨረሻ ቀንሱት። አፈራቸው እንደዚህ ያልሆነ አገሮች ይህን እምብዛም አያስጨንቃቸውም፣ እኛን ግን ሊያሳስበን ይገባል።

አራተኛ፦ እበት መውሰድ

ከመሬት አትልቀሙ። ረጅም ጓንት አድርጋችሁ፣ በውሃና በሳሙና አለስልሳችሁ፣ ከፊንጢጣ ውሰዱ። 200 ግራም ያህል በቂ ነው። ከኋላዋ ሳይሆን ከጎኗ ቁሙ፣ ረጋ ብላችሁ አናግሯት፤ የምታውቀው ሰው ግንባሯን ቢይዝላችሁ ሥራው ይቀላል።

የማርከሩ መጠን ቀኑን ሙሉ አንድ አይደለም፣ ከበላች በኋላ ይወርዳል ይወጣል። ሁልጊዜ ጠዋት ብቻ ብትወስዱ የጠዋቱን እንጂ የቀኑን አታውቁም። መፍትሔው በአራት ቀን ውስጥ 12 ጊዜ ወስዶ 24 ሰዓቱን በየሁለት ሰዓቱ መሸፈን ነው። በእኛ ሰዓት እንዲህ ይሆናል፦

አንደኛ ቀን፦ ጠዋት 12፣ ከሰዓት 8፣ ሌሊት 4።
ሁለተኛ ቀን፦ ጠዋት 2፣ ከሰዓት 10፣ ሌሊት 6።
ሦስተኛ ቀን፦ ረፋድ 4፣ ምሽት 12፣ ሌሊት 8።
አራተኛ ቀን፦ ቀትር 6፣ ማታ 2፣ ሌሊት 10።

የሌሊቱ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ቀን ስትመርጡ የዓመት በዓልና የሠርግ ሰሞን እንዳይሆን፣ ረዳቱ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አይገኝላችሁም። ደግሞ ማርከሩን የምትለኩት መኖውና እበቱ ተነጻጽረው ስለሆነ፣ ዛሬ የወጣው እበት የትናንትና የትናንት ወዲያው መኖ ነው። የመኖና የትራፊ ናሙና መውሰድ ከእበቱ ሁለት ቀን ያህል ቀድሞ ይጀመር።

አምስተኛ፦ ማድረቅ፣ መፍጨት፣ ማቃጠል

ናሙናው በ60 ዲግሪ 48 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይድረቅ። ማድረቂያ ከሌለ ወይም መብራት ከጠፋ፣ ትሪ ላይ በስሱ ዘርግታችሁ ጥላ ውስጥ፣ አቧራ በማይደርስበት ቦታ፣ በስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ ጀምሩት። አስፋልት ዳር ፀሐይ ላይ ማስጣት የሚባል ነገር የለም። ፕሮቲን የምታስለኩ ከሆነ ደግሞ ከእበቱ ጥቂቱን ሳይደርቅ በበረዶ አቆዩ፣ ሲደርቅ ናይትሮጅኑ በአሞኒያ መልክ ይሸሻልና።

የአንዷን ላም 12 ናሙና እኩል እኩል መዝናችሁ አንድ ላይ ቀላቅሉ። በ1 ሚሊ ሜትር ወንፊት ፍጩ። ወፍጮውን በየናሙናው መካከል ጥረጉት። አንድ ጊዜ ያስረከብነው የእበት ናሙና ከአፈር ናሙና ቀጥሎ ባልተጠረገ ወፍጮ ተፈጭቶ ውጤቱ ሰማይ ነካ፤ ከዚያ ወዲህ ወፍጮው አጠገብ እኔው እቆማለሁ።

አሁን የአመዱ ሥራ። እ.ኤ.አ. በ1977 ቫን ኪዩለንና ያንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ያወጡት መንገድ ዛሬም ይሠራበታል። 5 ግራም ናሙና መዝናችሁ በ450 ዲግሪ ሌሊቱን አቃጥሉት። አመዱን 100 ሚሊ ሊትር 2 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ አድርጋችሁ ለ5 ደቂቃ ቀቅሉት። አሲዱን ከወፍራሙ ስታዘጋጁ አንድ እጅ አሲድ ወደ አምስት እጅ ውሃ ነው፤ አሲድ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ በጭራሽ አይጨመርም። እንደሞቀ አመድ በማይተው የማጣሪያ ወረቀት አጥሩት፣ አሲዱ እስኪለቅ በሙቅ ውሃ እጠቡት፣ ከነወረቀቱ እንደገና በ450 ዲግሪ አቃጥሉት። የቀረውን መዝኑ። ያ ነው ማርከራችሁ።

እያንዳንዱን ናሙና ሁለት ሁለት ጊዜ ሥሩ። መኖው ውስጥ ያለው መጠን ከ1 በመቶ በታች ከሆነ የሚዛን ስህተት ይገንናል፣ ያኔ ሦስት ጊዜ ሥሩ። ጭድ ለሚበዛበት መኖ ይህ ብዙም አይገጥማችሁም።

ቲታኒየም ከሰጣችሁ ላብራቶሪው ናሙናውን በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይጨምርበታል፤ ብርቱካንማ ቢጫ ቀለም ያወጣል፣ የቀለሙ ጥንካሬ በ410 ናኖ ሜትር ይነበባል።

ስድስተኛ፦ ስሌቱ

የመፈጨት መጠን በመቶ = 100 − 100 × (ማርከር በመኖ ÷ ማርከር በእበት)። ሁሉም በደረቅ ቁስ።

ለመለማመጃ ያህል ቁጥር እንያዝ። ላሟ 6 ኪሎ የጭድ ደረቅ ቁስ ተሰጣት፣ በኪሎ 40 ግራም ማርከር አለው፦ 240 ግራም። 1.5 ኪሎ ተወች፤ ትራፊው አቧራማ ስለሆነ በኪሎ 48 ግራም አለው፦ 72 ግራም። ስለዚህ ከጭዱ 4.5 ኪሎ በላች፣ 168 ግራም ማርከር ገባ። ፋጉሎው 1 ኪሎ፣ 12 ግራም። ጠቅላላ 5.5 ኪሎ በልታ 180 ግራም ማርከር ገባ፤ በኪሎ 32.7 ግራም ማለት ነው። እበቷ በኪሎ 72 ግራም ወጣ እንበል።

100 − 100 × (32.7 ÷ 72) = 54.5 በመቶ።

የእበቱን ብዛትም እናውቃለን፦ 180 ÷ 72 = 2.5 ኪሎ ደረቅ ቁስ። ከ5.5 ላይ 2.5 ሲነሳ 3 ኪሎ ተፈጭቷል። ገጠመ።

ትራፊውን ብንረሳውስ? የተሰጠው መኖ 7 ኪሎ፣ ማርከሩ 252 ግራም፣ በኪሎ 36። ውጤቱ 50 በመቶ ይሆንና ጥሩውን መኖ «ደካማ» እንላለን። ከመሬት የተለቀመ እበት ላይ 2 በመቶ ብቻ አፈር ቢለጠፍስ? አፈሩ በኪሎ 900 ግራም የማይሟሟ ካለው፣ የእበቱ ቁጥር ከ72 ወደ 88.6 ይዘላል፣ የመፈጨት መጠኑም 63 በመቶ ይሆናል። በሁለት ጣት አፈር መኖውን ዘጠኝ ነጥብ ያህል አሞገስነው!

ለፕሮቲንም ያው ነው፦ 100 − 100 × (ማርከር በመኖ ÷ ማርከር በእበት) × (ፕሮቲን በእበት ÷ ፕሮቲን በመኖ)። ላሟ በጠቅላላ 500 ግራም ፕሮቲን ከበላች መኖው በኪሎ 90.9 ነው፤ እበቱ በኪሎ 84 ግራም ቢኖረው 58 በመቶ ይመጣል። ግን በእበት ያለው ፕሮቲን ሁሉ ከመኖ የቀረ አይደለም፤ የረቂቅ ሕዋሳትና የአንጀት ልጣጭም አለበት። ስለዚህ ይህ «የሚታየው» መጠን ነው፣ እውነተኛው ከዚህ ከፍ ይላል።

በቲታኒየም ደግሞ 10 ግራም ሰጥታችሁ መነሻው ተቀንሶ እበቱ በኪሎ 4 ግራም ካለው፣ 10 ÷ 4 = 2.5 ኪሎ እበት። በሌላ መንገድ ያገኘነው ያው ነው። ሁለቱ ማርከሮች በሰፊው ከተለያዩ አንዱ ዋሽቷል፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው አፈሩን ነው። የግጦሽ ከብት ከሆነ የበላችውን ለማወቅ የእበቱን ኪሎ ላልተፈጨው ድርሻ አካፍሉት፦ 2.5 ÷ 0.455 = 5.5 ኪሎ። ለግጦሽ ግን የመፈጨት መጠኑን ከአመድ አትውሰዱ፤ የደሾ ሳር ታጭዶ ሲሰጥና ላም ራሷ ከነሥሩ ስትነጨው አንድ አይደለም።

ፍሰቱስ?

መኖው በሆድ ውስጥ ምን ያህል ይቆያል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ለዚህ ማርከሩ በየቀኑ ሳይሆን አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል፣ ከዚያ ለአራት አምስት ቀን በየተወሰነ ሰዓት እበት ይወሰዳል። ለጠጣሩ በክሮሚየም የተነከረ አሰር፣ ለፈሳሹ ኮባልት ይጠቀማሉ። መጠኑ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ መውረድ ይጀምራል። የሚፈለገው የመውረዱ ፍጥነት ነው። በ48ኛው ሰዓት 400፣ በ72ኛው 200 ቢሆን፣ በ24 ሰዓት በግማሽ ወረደ፤ የ2ን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም (0.693) ለ24 ስታካፍሉት በሰዓት 2.9 በመቶ ያህል ይመጣል። አንድን በዚያ (በ0.029) ስታካፍሉ 35 ሰዓት ገደማ፣ ያ ነው ሩመን ውስጥ የሚቆይበት አማካይ ጊዜ። ጭድ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ላሟ ሆዷ ሞልቶ ሳለ የምትከሳው በዚህ ነው። ፋጉሎ ሲጨመርላት ረቂቅ ሕዋሳቱ ናይትሮጅን ያገኛሉ፣ ጭዱን ቶሎ ይፈታሉ፣ ቦታ ይለቃል፣ እሷም ትጨምራለች።

ከሩመን ወጥቶ ወደ አንጀት የሚሄደውን ፕሮቲን ወይም ስታርች መለካት ግን ከሦስተኛው ጨጓራ ወይም ከአንጀቱ መጀመሪያ ናሙና መውሰድ ይጠይቃል፣ ያ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ቱቦ የገባለት ከብት ነው። የሚያልፈው ፈሳሽ፣ ደቃቅና ሻካራ ስለሆነ ለሦስቱም የተለያየ ማርከር ተሰጥቶ በስሌት ይመጣጠናል። ይህን በረት ውስጥ አትሞክሩት። አንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከልም ሆነ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ለእናንተ ቅርብ ናቸው፤ ኬሚካል ከመግዛታችሁ በፊት ሄዳችሁ ተማከሩ። በተለይ አሰሩን በክሮሚየም ለመንከር የሚውለው ዳይክሮሜት መርዝ ነው፣ ካንሰርም ያመጣል። ያለ ጓንትና ያለ አየር መሳቢያ አይነካም፣ እጣቢውም ወንዝ ውስጥ አይደፋም። በክሮሚየም የተነከረውን አሰር የበላች ላም ወተቷም ሆነ ሥጋዋ ለሰው ይቅረብ አይቅረብ የሚለውን ሙከራው ሳይጀመር ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ጨርሱት።